የወለቀ መንጋጋ፦ የምርመራ ቅደም ተከተል፣ አመላለስና ክትትል

አሕጽሮት

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ውልቃት የታችኛው መንጋጋ አናት ከተፈጥሮ መቀመጫው ወጥቶ በራሱ ሊመለስ ሳይችል የሚቀርበት ድንገተኛ ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ አደጋና ያለ ስብራት የሚከሰት ሲሆን፣ በጊዜው ከታየ በእጅ ብቻ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ለሳምንታት ከቆየ ግን ሙሉ ሰመመንና ቀዶ ሕክምና እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ የመገጣጠሚያውን አሠራር መነሻ በማድረግ፣ ውልቃቱ በአካላዊ ምርመራ እንዴት እንደሚለይ፣ ከየትኞቹ ሕመሞች ጋር እንደሚምታታ፣ በየትኞቹ ስልቶች እንደሚመለስና ከተመለሰ በኋላ ምን ዓይነት ክትትል እንደሚሻ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ የሕክምናው ውጤት ከመሣሪያ ብዛት ይልቅ በመጀመሪያው መርማሪ የእጅ ዳሰሳና የውሳኔ ፍጥነት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው።

1. መግቢያ

ማዛጋት፣ ከልብ መሳቅ፣ ትልቅ ጉርሻ መቀበል፣ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፍን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መቆየት ከዕለት ተዕለት ኑሮ የማይለዩ ድርጊቶች ናቸው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ያለ አንዳች ችግር ያልፋሉ። በጥቂቶች ላይ ግን አፍ እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ ታካሚው መናገር፣ መዋጥና ምራቁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሁኔታው ብዙውን ጊዜ ሕይወትን ወዲያውኑ የሚያሰጋ ባይሆንም ሕመሙና ድንጋጤው ከባድ ነው። ታካሚው የደረሰበትን በቃል ለማስረዳት አለመቻሉ ደግሞ ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

ችግሩ ለሕክምና ጥበብ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ እንደ ተጻፈ የሚገመተውና የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የጥንት ግብፃውያን የቀዶ ሕክምና ሰነድ፣ ከያዛቸው 48 የሕመም ገለጻዎች መካከል በ25ኛው ላይ የወለቀ መንጋጋን ያነሣል። ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን በአፍ ውስጥ በመንጋጋው የኋላ ጫፎች ላይ፣ ሌሎቹን ጣቶቹን ደግሞ ከአገጭ በታች አድርጎ መንጋጋውን ወደ ስፍራው እንዲመልስ ሰነዱ ያዝዛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራጠስም ተመሳሳይ ስልት ማስተማሩ ይታወቃል። ዛሬ በድንገተኛ ክፍሎች በስፋት የሚሠራበት አመላለስ በመሠረቱ ከዚህ ጥንታዊ ስልት ብዙም አልራቀም።

ይህን ያህል የቆየና ቀላል መፍትሔ ያለው ችግር ግን ዛሬም ሳይታወቅ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ታካሚው ወደ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ሌላ መፍትሔ ሲፈልግ ይቆያል፤ ወይም ከመጣ በኋላ ሕመሙ በሌላ ስም ይታከማል። ስለዚህ ጉዳዩ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የጠቅላላ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖች፣ የነርሶችና የጥርስ ሐኪሞችም ነው።

2. የመገጣጠሚያው አሠራርና ውልቃቱ የሚፈጠርበት መንገድ

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ይገኛል። የታችኛው መንጋጋ ወደ ላይ ዘልቆ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ኮንዳይል የተባለ ሞላላ አናት አለ። ይህ አናት በራስ ቅሉ ቴምፖራል አጥንት ሥር ባለ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ይቀመጣል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ግጭትን የሚያለዝብ ዲስክ አለ፤ መገጣጠሚያው በሙሉ በሽፋንና በጅማቶች ታቅፏል። ከጎድጓዳው ስፍራ ፊት ለፊት ደግሞ የአጥንት ጉብታ ይገኛል። የውልቃትን ነገር ለመረዳት ቁልፉ ይህ ጉብታ ነው።

አፍ መከፈት ሲጀምር ኮንዳይል በስፍራው እንዳለ ይሽከረከራል። አፉ የበለጠ ሲከፈት ከነዲስኩ በጉብታው ቁልቁለት ላይ ወደ ፊትና ወደ ታች ይንሸራተታል። ጤናማ አዋቂ ሰው አፉን ሲከፍት በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል የሚኖረው ርቀት በአመዛኙ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። አፍ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ኮንዳይል እስከ ጉብታው ጫፍ መድረሱ፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎችም ጫፉን ጥቂት ማለፉ የተለመደ ነው። እንግዲህ ጉብታውን ማለፍ ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ሕመም የሚሆነው ካለፉ በኋላ መመለስ ሲያቅት ነው።

መመለስ የሚያቅተው በጡንቻዎች ምክንያት ነው። ኮንዳይል ከጉብታው ፊት ከወረደ በኋላ፣ መንጋጋን የሚዘጉት ማሴተርና ቴምፖራሊስ የተባሉ ጡንቻዎች በሕመሙ ምክንያት ተኮማትረው መንጋጋውን ወደ ላይ ይስባሉ። ላተራል ቴሪጎይድ የተባለው ጡንቻ ደግሞ ወደ ፊት ይጎትተዋል። በዚህም ኮንዳይል በጉብታው የፊት ገጽ ላይ ይቆለፋል። ሕመሙ መኮማተሩን ያበረታል፤ መኮማተሩም ሕመሙን ይጨምራል። ታካሚው አፉን ለመዝጋት በታገለ ቁጥር ቁልፉ እየጠበቀ ይሄዳል።

ከዚህ ገለጻ አንድ ተግባራዊ መደምደሚያ ይገኛል። የወለቀውን መንጋጋ ለመመለስ በመጀመሪያ ኮንዳይሉን ከጉብታው በታች ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። ዝቅ ሳያደርጉ ወደ ኋላ መግፋት አጥንትን ከአጥንት ጋር ማጋጨት ነው፤ አገጭን ከታች ወደ ላይ በመግፋት ብቻ አፍን ለመዝጋት መሞከርም ሕመም ከመጨመር አልፎ ለስብራት ሊዳርግ ይችላል።

3. ዓይነቶችና መንስኤዎች

ውልቃት በአቅጣጫው፣ በጎኑና በቆይታው ይከፈላል። በአቅጣጫ ረገድ እጅግ የተለመደው ወደ ፊት የሚደረገው ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚደረጉት ብርቅ ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ከከባድ ምትና ከአጥንት ስብራት ጋር ይመጣሉ። በጎን ረገድ ውልቃቱ በአንድ ወገን ብቻ ወይም በሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። በቆይታ ረገድ ደግሞ ድንገተኛ፣ ተመላላሽና ነባር ተብሎ ይለያል። መንጋጋው ከስፍራው ወጥቶ በራሱ ወይም በታካሚው ጥቂት እንቅስቃሴ የሚመለስ ከሆነ ከፊል ውልቃት ይባላል።

መንስኤዎቹን በሦስት መመደብ ይቻላል። የመጀመሪያው አፍን ከመጠን በላይ ወይም ለረጅም ጊዜ መክፈት ነው፤ ማዛጋት፣ ሳቅ፣ ትውከት፣ የጥርስ ነቀላ፣ በሰመመን ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትና የጨጓራ ኢንዶስኮፒ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ምት፣ እንዲሁም በሚጥል በሽታ ወቅት የሚከሰት ኃይለኛ የጡንቻ መኮማተር ነው። ሦስተኛው የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ለትውከት የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የመንጋጋና የአንገት ጡንቻዎችን ያለ ፈቃድ ሊያኮማትሩና መንጋጋን ሊያወልቁ ይችላሉ።

ለውልቃት የሚያጋልጡ ሁኔታዎችም አሉ። የመገጣጠሚያው ጎድጓዳ ስፍራ ጥልቀት ማነስ፣ የሽፋኑና የጅማቱ መላላት፣ እንደ ኤህለርስ ዳንሎስ ያሉ በዘር የሚተላለፉ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕመሞች፣ እንደ ፓርኪንሰን ያሉ የእንቅስቃሴ ሕመሞች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የኋላ ጥርሶቻቸውን ማጣታቸው ተጠቃሽ ናቸው። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ የወለቀ መንጋጋ ጅማቱ ስለሚላላ ዳግመኛ የመውለቅ ዕድሉ ከፍ ይላል።

4. ምርመራ

4.1 የሕመሙ ታሪክ

ታካሚው በግልጽ መናገር ስለማይችል ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአስታማሚ ነው። አራት ጥያቄዎች ሊታለፉ አይገባም፦ አፉ መቼ ተከፍቶ ቀረ? በዚያ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? ምት ወይም መውደቅ ነበረ ወይ? ባለፉት ቀናት ምን መድኃኒት ወሰደ? የመጀመሪያው ጥያቄ የአመላለሱን ስልት ይወስናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስብራትን ለመጠርጠር ወይም ለመተው ይረዳሉ፤ አራተኛው መድኃኒት ያመጣውን መኮማተር ይጠቁማል። ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት እንደሆነም ይጠየቃል። ታካሚው ማንበብና መጻፍ የሚችል ከሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ መስጠት ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል።

4.2 አካላዊ ምርመራ

ሁለቱም ወገን ሲወልቅ አፍ ተከፍቶ ይቀራል፤ አገጭ ወደ ፊት ይወጣል፤ የኋላ ጥርሶች ብቻ ሲነካኩ የፊት ጥርሶች ተራርቀው ይታያሉ። ለሐጭ ይፈሳል፤ ንግግር ይደነቃቀፋል። ምርመራው የሚረጋገጠው በጣት ነው። መርማሪው ከታካሚው ፊት ቆሞ አመልካች ጣቶቹን ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ሲያሳርፍ፣ ኮንዳይል ሊኖርበት በሚገባው ስፍራ ባዶ ጉድጓድ ያገኛል፤ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት፣ ከጉንጭ አጥንት ሥር ደግሞ ያልተለመደ እብጠት ይዳስሳል። የጉንጭና የሰሌዳ ጡንቻዎች ጠጥረው ይገኛሉ።

አንድ ወገን ብቻ ሲወልቅ አገጭ ወደ ጤናማው ወገን ያዘነብላል፤ ባዶው ጉድጓድ በወለቀው ወገን ብቻ ይዳሰሳል። ይህ ምልክት ከስብራት ለመለየት ይጠቅማል፤ የኮንዳይል አንገት ሲሰበር አገጭ የሚያዘነብለው በአብዛኛው ወደ ተጎዳው ወገን ነውና። በመጨረሻም ጥርሶች፣ ድድ፣ የከንፈርና የአገጭ የመነካት ስሜት ይመረመራሉ። በድድ ላይ የደም መቋጠር፣ የጥርስ ረድፍ መሰበር ወይም የከንፈር መደንዘዝ ከታየ ስብራት ሊኖር ስለሚችል በእጅ ለመመለስ መቸኮል አይገባም።

4.3 ከሌሎች ሕመሞች መለየት

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ አፍ መዘጋት ነው ያቃተው ወይስ መከፈት? በሕዝቡ ዘንድ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቴታነስ አፍ እንዳይከፈት ያደርጋል፤ በቶንሲል ዙሪያ የሚቋጠር መግልና የጥበብ ጥርስ ኢንፌክሽንም እንደዚሁ ናቸው። የመገጣጠሚያው ዲስክ ወደ ፊት ተንሸራቶ ሳይመለስ ሲቀርም የሚያስቸግረው አፍን መክፈት ነው። በውልቃት ግን ችግሩ መዝጋት ነው። ይህ አንድ ልዩነት ብዙ ስሕተትን ያስቀራል።

የአገጭ ወደ አንድ ጎን ማዘንበልና የንግግር መደነቃቀፍ ስትሮክን ወይም የፊት ነርቭ ሽባነትን ሊያስጠረጥር ይችላል። በእነዚህ ሕመሞች ግን መንጋጋው እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል፤ የሚዛነፈው የፊት ገጽ እንጂ አጥንቱ አይደለም። ታካሚው ግንባሩን እንዲያኮማትር፣ ዓይኖቹን እንዲጨፍንና እጆቹን እንዲያነሣ መጠየቅ ልዩነቱን ለማየት ይረዳል።

መድኃኒት ያመጣው የጡንቻ መኮማተር በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያለ ታካሚ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ይሰቀላሉ፣ ምላሱ ይወጣል። ኮንዳይሉ በስፍራው ከተዳሰሰ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያለ መድኃኒት መስጠት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ኮንዳይሉ ወልቆ ከተገኘ ግን ሁለቱም ይታከማሉ፤ መኮማተሩን ሳያረግቡ መመለስ መንጋጋውን ወዲያው ዳግመኛ ለመውለቅ ያጋልጠዋል። በአእምሮ ሕመም በሚታከም ሰው ላይ አፍ ተከፍቶ መቅረቱ የሕመሙ ጠባይ ተደርጎ የሚታለፍበት አጋጣሚ አደገኛ ነው፤ ጣትን ከጆሮ ፊት ማሳረፍ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ በታች ነውና።

4.4 የራጅ ምርመራ

ምት ያልደረሰበት፣ ምልክቱ ግልጽ የሆነና በተለይም ቀደም ሲል ወልቆበት የሚያውቅ ታካሚ ያለ ራጅ ሊመለስለት ይችላል። ምት ካለ፣ ምርመራው አጠራጣሪ ከሆነ ወይም ውልቃቱ ከቆየ ግን ከመመለሱ በፊት ምስል መነሣት ይገባል። ሙሉ መንጋጋን በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ለአብዛኛው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ የተወሳሰበ ስብራት ሲጠረጠር ሲቲ ስካን ተመራጭ ነው። ፓኖራሚክ ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምት ያልደረሰበትን ታካሚ ለምስል ብቻ ሲባል ሩቅ መላክ፣ በቀላሉ ሊመለስ የሚችለውን ወደ አስቸጋሪው የመግፋት ያህል ነው።

5. አመላለስ

5.1 ዝግጅት

የአመላለሱ ግማሽ ሥራ ታካሚውን ማረጋጋት ነው። የሚደረገው ነገር አስቀድሞ በቀላል ቋንቋ ይነገረዋል። ለምሳሌ በዕድሜ ለገፉ እናት፣ «አይዞዎት እናቴ፤ መንጋጋዎ ከስፍራው ወጥቶ ነው እንጂ አልተሰበረም። እጄን አፍዎ ውስጥ አድርጌ ቀስ ብዬ ዝቅ አደርገዋለሁ። እርስዎ ለመዝጋት አይታገሉ፤ በአፍንጫዎ በርጋታ ይተንፍሱ» ማለት ጡንቻን የማላላት ኃይል አለው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይወጣል። መንጋጋው ሲመለስ በኃይል ስለሚገጥም የሐኪሙ አውራ ጣት ሊነከስ ይችላል፤ ንክሻው ደግሞ በደም ለሚተላለፉ ሕመሞች ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ጓንት ይጠለቃል፤ አውራ ጣቶች በጎዝ በወፍራሙ ይጠቀለላሉ።

5.2 ጥንታዊው ስልት

ታካሚው ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጭንቅላቱ በግድግዳ ወይም በረዳት ደረት ይደገፋል። ሐኪሙ ፊት ለፊት ሲቆም የታካሚው መንጋጋ ከክርኑ ከፍታ በታች መሆን አለበት፤ ይህም የክንድ ጉልበት ሳይሆን የሰውነት ክብደት እንዲሠራ ያስችላል። አውራ ጣቶች በታችኛው የኋላ ጥርሶች ላይ፣ ወይም ከንክሻ ለመጠበቅ ከጥርሶቹ ውጭ ባለው የመንጋጋ አጥንት ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ጣቶች ከውጭ የመንጋጋውን አካልና አገጩን ያቅፋሉ።

ከዚያ በኋላ የኋላው ክፍል በማያቋርጥ፣ በማይጣደፍ ግፊት ወደ ታች ይጫናል። ድንገተኛ ምንጨቃ ጡንቻውን ይበልጥ ስለሚያነሣሣው አይመከርም፤ የሚፈለገው ጡንቻው ደክሞ እስኪላላ ድረስ መታገሥ ነው። መንጋጋው ዝቅ ማለቱ ሲሰማ፣ አገጩ በጣቶቹ ጥቂት ወደ ላይ እየተነሣ ሙሉው መንጋጋ ወደ ኋላ ይገፋል። ኮንዳይል ወደ ስፍራው ሲገባ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚታወቅ መንሸራተት ይኖራል። በዚህ ቅጽበት አውራ ጣቶች ወደ ጉንጭ ወገን ይሸሻሉ። ሁለቱን ወገን በአንድ ጊዜ መመለስ ከከበደ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ማስከተል ይቻላል።

5.3 ሌሎች ስልቶች

በእጅ አንጓ ስልት የጣቶቹ ሚና ይገለበጣል። አውራ ጣቶች ከአገጭ በታች ሆነው ወደ ላይ ሲገፉ፣ ሌሎቹ ጣቶች በታችኛው የኋላ ጥርሶች ላይ ሆነው ወደ ታች ይጫናሉ፤ ከዚያም ሁለቱ የእጅ አንጓዎች እኩል ይሽከረከራሉ።

ከአፍ ውጭ በሚደረገው ስልት ሐኪሙ እጁን አፍ ውስጥ አያስገባም። በአንዱ ወገን የመንጋጋውን ማዕዘን ወደ ፊት ሲስብ፣ በሌላው ወገን ከጉንጭ አጥንት በታች የሚዳሰሰውን የመንጋጋ አጥንት በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይገፋል። አንዱ ወገን ሲመለስ ሌላው ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይከተላል። የንክሻ ስጋት የሌለበት መሆኑ ዋና ጥቅሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያስተዋወቀው የሲሪንጅ ስልት ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው። መርፌው የወጣ ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ባዶ ሲሪንጅ በአንድ ወገን በላይኛውና በታችኛው የኋላ ጥርሶች መካከል ይደረጋል። ታካሚው ሲሪንጁን በቀስታ ነክሶ፣ የታች መንጋጋውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ እንዲያንከባልለው ይነገረዋል። ሲሪንጁ እንደ መንኰራኩር ሆኖ ኮንዳይሉን ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል። በጥናቱ ከተካተቱት 31 ታካሚዎች በ30ዎቹ ላይ ውጤት አስገኝቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም፣ ስልቱ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚገኝ ዕቃ ብቻ የሚጠይቅና ምት ለሌለበት ድንገተኛ ውልቃት ተስማሚ በመሆኑ ሊታወቅ ይገባዋል።

5.4 ማስታገሻና ማደንዘዣ

ከወለቀ ጥቂት ሰዓት የሆነው ታካሚ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይመለስለታል። የጡንቻው መኮማተር ከበረታ፣ 2 በመቶ ሊዶኬይን ከጆሮ ፊት ባለው ባዶ ጉድጓድ በኩል ወደ መገጣጠሚያው መስጠት ሕመሙንና ሕመሙ የሚያስከትለውን መኮማተር ይቀንሳል። ከዚህ ካለፈ እንደ ዲያዜፓም ወይም ሚዳዞላም ያሉ ማስታገሻዎች በደም ሥር ይሰጣሉ። አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው መተንፈስ ቢያቆም በጭምብል ማስተንፈስ አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ እነዚህ መድኃኒቶች ኦክስጅን፣ የምራቅ መምጠጫና የሠለጠነ ባለሙያ በሌለበት ሊሰጡ አይገባም። ይህም ሁሉ ካልረዳ በሙሉ ሰመመንና በጡንቻ ማላያ መድኃኒት ይመለሳል።

6. ከተመለሰ በኋላ

የተመለሰ መንጋጋ የዳነ መንጋጋ አይደለም፤ የተለጠጠው ሽፋንና ጅማት ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የጥርሶቹ መግጠም፣ የባዶው ጉድጓድ መጥፋትና የአገጩ መሐል መቀመጥ ይረጋገጣሉ። ጥርሶቹ እንደ ቀድሞው ካልገጠሙ ወይም ሕመሙ ካልቀነሰ ስብራት እንዳይኖር በራጅ መታየት አለበት።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ አፍን ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አለመክፈት ይመከራል። ማዛጋት ሲመጣ መዳፍን ከአገጭ በታች አድርጎ መደገፍ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአገጭ ሥር እስከ ጭንቅላት የሚታሰር ፋሻ ይረዳል፤ ታካሚው የማስመለስ ስሜት ካለው ግን አፉን የሚይዝ ፋሻ መታሰር የለበትም። ምግቡ እንደ አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎና በደንብ የራሰ ፍትፍት ያለ ለስላሳ ይሁን፤ ጉርሻውም ትንሽ ይሁን። ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ማስቲካና ጫት ለጊዜው ይቀራሉ። ለሕመሙ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ፣ ከሞቀ ጨርቅ ጋር ይበቃል። መንስኤው መድኃኒት ከሆነ ያዘዘው ሐኪም እንዲያውቀው ይደረጋል፤ ታካሚው በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥም ይነገረዋል።

7. ተመላላሽና ነባር ውልቃት

ውልቃቱ ሲደጋገም ሕክምናው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው የራስን ደም የመስጠት ስልት፣ ከታካሚው ክንድ የተቀዳን ደም በመገጣጠሚያው ውስጥና በዙሪያው በመርፌ መስጠት ነው። ደሙ ጠባሳ እንዲፈጠር በማድረግ የላላውን ሽፋን ያጠብቃል፤ ከዚያም መንጋጋው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል። ርካሽና ቀላል በመሆኑ ውድ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ልዩ ግምት ይገባዋል። የጡንቻ መኮማተር ላለባቸው ታካሚዎች ቦቱሊኒየም ቶክሲን በላተራል ቴሪጎይድ ጡንቻ ውስጥ ሊሰጥ ይችላል፤ ኃይሉ በአመዛኙ ከሦስት እስከ አራት ወር ስለሚቆይ መደጋገም ይጠይቃል።

ይህ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ሁለቱ ዋና መንገዶች በሐሳብ ተቃራኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተዋወቀው ጉብታውን የመቁረጥ ስልት ኮንዳይል ቢወጣም ያለ እንቅፋት እንዲመለስ ያደርገዋል። በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በዶትሬ ስም የሚጠራው ስልት ደግሞ የጉንጭ አጥንትን ቅስት ቆርጦ ከጉብታው ፊት ዝቅ በማድረግ ኮንዳይል ከመጀመሪያው እንዳያልፍ ይገታዋል። አንዱ በሩን ያሰፋል፤ ሌላው በሩን ይዘጋል። ምርጫው በአጥንቱ ቅርጽ፣ በጡንቻው ጠባይና በቀዶ ሐኪሙ ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለሳምንታት ሳይመለስ የቆየ ውልቃት የተለየ ፈተና ነው። ጡንቻዎቹ ያጥራሉ፤ ባዶው ጎድጓዳ ስፍራ በጠባሳ ይሞላል፤ ኮንዳይሉ በአዲሱ ስፍራ መጣበቅ ይጀምራል። በዚህ ደረጃ በእጅ መመለስ የሚሳካው አልፎ አልፎ ነው። በሙሉ ሰመመን ከመሞከር አንሥቶ፣ በኋላ ጥርሶች መካከል መደገፊያ አኑሮ የፊት ጥርሶችን በላስቲክ ለቀናት መሳብ፣ ከዚያም መገጣጠሚያውን ከፍቶ መመለስ፣ በመጨረሻም ኮንዳይሉን መቁረጥ ወይም መገጣጠሚያውን መተካት በተራ ይመጣሉ።

8. ውይይት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ እርሱም ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጎዝ፣ ጓንትና የሠለጠነ እጅ የሚበቃው ችግር፣ ከወር በኋላ የቀዶ ክፍል፣ የሰመመን ባለሙያና የሆስፒታል አልጋ ይጠይቃል። ልዩነቱን የፈጠረው የሕመሙ ክብደት አይደለም፤ የምርመራው መዘግየት ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ መዘግየት መንገዶች ለመገመት አያስቸግሩም። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። አጥንት ሲወልቅ ወደ ወጌሻ መሄድ በብዙ ስፍራ የቆየ ልማድ ነው። በእጅና በእግር ውልቃት ላይ የካበተ ልምድ ያለው ወጌሻ እንኳን፣ የመንጋጋውን ጉብታ አሠራር ካላወቀ አገጭን ወደ ላይ በመግፋት ብቻ ሊደክም ይችላል። ድንገት የተዛነፈ ፊት በልማድ መጋኛ ተብሎ ሲተረጎምም ታካሚው በሌላ መንገድ ቀናትን ያሳልፋል። እነዚህን ልማዶች ማውገዝ ለታካሚው አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ወጌሻው አፉ የማይዘጋን ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማስረዳትና የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ማዘጋጀት ነው።

ይህም ከባድ ሥልጠና አይጠይቅም። ከጆሮ ፊት ያለውን ባዶ ጉድጓድ መዳሰስ፣ ምትና መድኃኒት መኖሩን መጠየቅ፣ የሲሪንጁን ስልት መሞከር፣ ካልሆነ በጥንታዊው ስልት መመለስ፣ ስብራት ሲጠረጠር ወይም ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር በዚያው ቀን ሪፈር መጻፍ፤ እነዚህ አምስት እርምጃዎች በአንድ ገጽ ሠፍረው በድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊለጠፉ ይችላሉ። የጥርስ ሐኪሞችም ረጅም ሥራ ሲሠሩ ታካሚው በየመሐሉ አፉን ዘግቶ እንዲያርፍ ማድረግ፣ በተለይም ጥርስ ሲነቅሉ የታች መንጋጋውን በሌላው እጃቸው መደገፍ ይገባቸዋል።

9. ማጠቃለያ

የመንጋጋ ውልቃት በዐይን የሚታይ፣ በጣት የሚረጋገጥና በእጅ የሚታከም ችግር ነው። ምርመራው አፍ መዘጋት ማቃቱን ከመከፈት ማቃቱ በመለየት ይጀምራል፤ ከጆሮ ፊት ባለው ባዶ ጉድጓድ ይረጋገጣል። አመላለሱ በየትኛውም ስልት ቢሆን አንድ ሕግ አለው፤ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ክትትሉ ደግሞ አንዴ የወለቀው ልማድ እንዳይሆን ይጠብቃል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በቅርብ ካለ፣ ጠዋት አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው ማታ ከቤተሰቡ ጋር እራቱን ይበላል። ከሌለ ግን ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ በቀዶ ሕክምና ተራ ጠባቂዎች መካከል ይገኛል።